በሃያ የደበቅኩት፣ በሃምሳ የተናገርኩት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና የያዘች ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ልብስ ሰፊ ጋ የሚመጣ ሰው ጨርቅ ብቻ ይዞ አይመጣም። ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞር የልቧን የምታጫውተኝ ሴት ብዙ ናት።

የሃያ ሁለት ዓመት ሙሽራ ስትመጣ ስልኳን ከፍታ ፎቶ ታሳየኛለች። "እንደዚህ ይሁንልኝ፤ ሰው አይቶ ይደንግጥ!" ትለኛለች። እናቷ፣ እህቶቿ፣ ሚዜዎቿ ሁሉ አብረዋት ስለሚመጡ ሱቄ ይሞላል። የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ግን ብቻዋን ነው የምትመጣው። ጨርቁን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ አመሻሽ ላይ፣ ሌላ ደንበኛ አለመኖሩን አይታ ትገባለች። "ለግብዣ ነው" ትላለች። ቀለም ስታማርጥና መስታወት ፊት ስትቆም ሳያት ነገሩ ግብዣ እንዳልሆነ ይገባኛል። አልጠይቃትም። ለሁለተኛ ልኬት ስትመጣ ራሷ ትነግረኛለች። አንድ ሰው አለ። ልጆቿ አልሰሙም፣ እህቷም አልሰማችም። "በዚህ ዕድሜ ይሆናል እንዴ?" ትለኛለች።

ይሆናል። እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ባሌን በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ቀበርኩ። ሁለት ልጆች አሳደግኩ። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ከአንድ ሰው ጋር ተዋወቅኩ፣ በሃምሳ አንድ ዓመቴ ተጋባን። ሱቄ ውስጥ በሹክሹክታ የምጠየቀውን እዚህ ጮክ ብዬ ልመልስ ብዬ ነው የምጽፈው።

እኛ ወጣት በነበርንበት ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጨረሻና በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ መጠናናት በድብቅ ነበር። ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሰውን ቤት ያስገባል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። አመሻሹ ላይ ግን ከተማው ሁሉ ይወጣል። ሦስት አራት ሴቶች ሆነን ከመጋላ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ወደ ከዚራ ሰፈር እንሄዳለን። ቀጠሮ ያላት አንዷ ብቻ ናት፣ ሌሎቻችን አጃቢ ነን። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር በዛፎቹ ስር ቆሞ ይጠብቃል። ሁለቱ ትንሽ ቀደም ብለው ይራመዳሉ፣ እኛ ከኋላ እንከተላለን። የአንዳችን ወንድም ብቅ ካለ ሁሉም ይበተናል።

ዘመኑ ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነበር። አዋጁ በ1975 ወጣ፣ እኛ ለፍቅር ስንደርስ ጦርነቱም ብሶ ነበር። ወንዶቹ አፈሳ ይፈራሉ። ዛሬ ያየሽውን ልጅ ነገ ላታዪው ትችያለሽ። ስለዚህ ፍቅራችን ችኩል ነበር። ሁለት ሳምንት የተዋወቀ ሰው "እስከ ሞት" ይባባል ነበር፣ የምሩንም ነው።

እኔም አንድ ልጅ ነበረኝ። ደብዳቤውን በጓደኛዬ እጅ ይልክልኛል፣ አንብቤ እቀደዋለሁ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። ትንሽ ጊዜ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ቆመ። ብዙ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው ስለዚያ ልጅ የማውቀው ሳቁን፣ ሸሚዙን እና ኳስ መውደዱን ነበር። ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ገንዘብ ሲይዝ ምን እንደሚሆን አላውቅም። እናቱን እንዴት እንደሚያናግር እንኳ አላየሁም። በድብቅ የሚገናኙ ሰዎች ያላቸው ሰዓት አጭር ነው። ሁሉም ለመናፈቅና ለመዋደድ ያልቃል፣ ለመተዋወቅ የሚተርፍ የለም። ይህን የምለው ያን ዕድሜ ለመናቅ አይደለም። ያ ልብ መምታት እውነት ነበር። ዛሬም በሃያዎቹ ያሉትን ደንበኞቼን ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ድብቅ ፍቅር ሰውን ሳያስተዋውቅ እንደሚያፋቅር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ።

ያገባሁት በሃያ አምስት ዓመቴ ነው፣ ሽማግሌ ተልኮ። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ጅቡቲ መስመር። ቤት ሲመጣ ሽርጡን አገልድሞ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ልጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ያጫውታል። ፍቅር ከጋብቻ በኋላ መጣልን። ይህም አንድ ዓይነት ነው፣ የሚንቁት ሰዎች ሳያዩት ነው የሚንቁት። በህመም ሲያርፍ ትልቁ አሥራ ሁለት፣ ትንሿ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ሠላሳዎቹን ብዙም አልቆይባቸውም። ጥቁር ለበስኩ፣ ሠራሁ፣ ልጆች አስተማርኩ። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ "አይዞሽ" እያሉ የሚመጡ ወንዶች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ሚስት ያላቸው። ደጄን ዘጋሁ። በዚያ ዕድሜ ማንኛውንም ወንድ የምመዝነው በልጆቼ ነበር። ለእኔ ምን ይሆነኛል የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ አልነበረም። ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት ብትስቅ ይወራባታል፣ ብታዝን "አሁንም?" ትባላለች። ዝም ማለት ይቀላል። በዚያ ዕድሜ ላይ ያላችሁና ደጃችሁን የዘጋችሁ ሴቶች፣ ማንም ክፈቱ ብሎ አይግፋችሁ። ልጅ ማሳደግ ሙሉ ሥራ ነው።

በሠላሳዎቹ ያላገቡት ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለባቸው። አንዲት ደንበኛዬ ባንክ ትሠራለች፣ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በየሠርጉ፣ በየለቅሶው "አንቺስ መቼ ነው?" ይሏታል። አንዷ ዘመዷ "ቆመሽ ቀረሽ" ብላት ሱቄ መጥታ አልቅሳለች። እሷ ያለችኝን አልረሳም፦ "በሃያ ሦስት ዓመቴ ሰው ሲቀርበኝ ይወደኝ ይሆን እል ነበር። አሁን ቃለ መጠይቅ ነው የማደርግለት።" የሚኖረው የት ነው? ሥራው ምንድን ነው? ልጅ ይፈልጋል? ጫት ላይ እንዴት ነው? ድሬ ላይ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በርጫ ላይ የሚያሳልፍ ባል ይዞ ቤት ማቆም ምን ማለት እንደሆነ እናቶቻችን ያውቃሉ። ጥያቄዎቿ ትክክል ናቸው። እኔ የምላት አንድ ነገር ነው። ከጠየቅሽ በኋላ መልሱን ለመስማት ጊዜ ስጪው፤ የሚያጣድፍሽ ሰዓቱ ይሁን ዘመድሽ ለይተሽ እወቂ።

በእኔ ላይ ነገሩ የተለወጠው አርባዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ልጄ ሥራ ይዞ አዲስ አበባ ሄደ፣ ሴቷ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው የለም። ቡና አፍልቼ ጎረቤት እጠራለሁ፤ ቡናው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ብቸኝነት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ሌላም ነገር ነበረው። የሰው አስተያየት ክብደቱ ቀነሰብኝ። ድሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ ወሬ አሁን ጆሮዬ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ብዙ ሰው ማወቅ አልፈልግም፤ የማውቀውን በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሥነ ልቦና የተማረችው ልጄ ይህን ስነግራት ላውራ ካርስተንሰን ስለምትባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አጫወተችኝ። ሰው የቀረው ጊዜ እያጠረ እንደሆነ ሲሰማው አዲስ ሰው ከማብዛት ይልቅ ለልቡ ቅርብ የሆኑትን ጥቂቶች ይመርጣል ትላለች። እኔ ያለ ትምህርት የደረስኩበት ነገር ተጠንቶ መገኘቱ አስደሰተኝ። ሱቄ የሚመጡት የሃምሳ ዓመት ሴቶችም ይህንኑ ነው የሚሉኝ። "ቆንጆ ነው ወይ?" አይሉም። "ከእሱ ጋር ስቀመጥ አይደክመኝም" ይላሉ።

ሰውዬውን የተዋወቅኩት ሐረር ነው። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ፣ ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ በተርታ የሚሠሩበት። አልፎ አልፎ ጨርቅ ለማየትና የሙያ ጓደኞቼን ለመጠየቅ እሄዳለሁ። እሱ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነበር። ሰፊው በሥራ ተወጥሮ ስለነበር እኔ ልኬቱን ያዝኩለት። መምህር ነው፣ በወቅቱ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ። ስለ ሱሪ ጀምረን ስለ ልጆች ጨረስን። ስልክ ተለዋወጥን።

በነጋታው ደወለ። እንዲህ አለኝ፦ "ከባለቤቴ በፍርድ ቤት ተፋተናል፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ስኳር በሽታ አለብኝ። ይህን ሰምተው ሻይ እንጠጣ ካሉ ደስ ይለኛል።" ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። በሃያ ዓመቴ አንድ ወንድ እንዲህ ቢለኝ እሸሽ ነበር። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ግን ከሰማኋቸው የፍቅር ቃላት ሁሉ የበለጠ ነካኝ። የሚደበቀውን ነገር በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። እኔም መልሼ ደውዬ የራሴን ነገርኩት፦ ሁለት ልጆች፣ ያልተከፋፈለ የውርስ ቤት፣ ደም ግፊት፣ ሌላ ሰው እናት እንድሆንለት የማልፈልግ መሆኔን። ሳቀ። "እናት አለችኝ፣ በሕይወት ናት" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቀጠሯችን ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። አንዳንዴ እኔ በሚኒባስ ደንገጎን ወጥቼ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፌ እሄዳለሁ። አንዳንዴ እሱ ወደ ሙቀቱ ይወርዳል። ከዚራ ካፌ ስንቀመጥ ከውጭ በኩል፣ መንገዱ ላይ ነው የምንቀመጠው። ይህ በእኔ ጥያቄ ነው። የጓዳ ጠረጴዛ አልፈልግም አልኩት። ሰው ካየን ሰላም ይለናል፣ እኛም ሰላም እንላለን። ጎረቤቴ፣ አብራኝ ያረጀች ሙስሊም ጓደኛዬ ናት፣ ባየችን ማግስት ቤቴ መጣች። "አቦ፣ ወላሂ ደስ ብሎኛል! ግን ልጆችሽ ከእኔ አፍ እንዳይሰሙ" አለችኝ። ያቺ ምክር ወርቅ ናት።

ልጆቼን በዚያው ሳምንት ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የደንበኞቼ ፍርሃት በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ባልና ልጅ መሐል መምረጥ ያለባቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ይደብቃሉ፤ ልዩነቱ ድሮ ከእናት መደበቃቸው፣ አሁን ከልጅ መደበቃቸው ብቻ ነው። ድብብቆሹ የሚያመጣውም ያው የድሮው ነው። የሰረቃችሁት አንድ ሰዓት ሰውዬውን በደንብ አያሳውቃችሁም። ልጆቻችሁ ሲደርሱበት ደግሞ የሚያናድዳቸው ፍቅሩ ሳይሆን መዋሸታችሁ ነው።

እኔ ለየብቻ ነው የነገርኳቸው። ሴቷ አለቀሰች። "አባዬን ረሳሽው?" አለችኝ። አልረሳሁትም አልኳት፤ ፎቶው ሳሎን ላይ እንዳለ ይኖራል፣ ሰውዬውም ይህን ያውቃል። ወንዱ ዝም አለ። ከብዙ ዝምታ በኋላ "የአባባ ቤትስ?" አለ። ብዙ እናቶች ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ይቆስላሉ። "ለካ ያሰብከው ለቤቱ ነው" ይሉና ይጣላሉ። እኔ አልከፋኝም። ቤቱ አባቱ ለሊት ለሊት እየነዳ የሠራው ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው፣ መልስም ያስፈልገዋል።

መልሱ በሕግ ያለ ነው። በትዳር ውስጥ ከተፈራ ንብረት ግማሹ የሚስት ነው። ባል ያለ ኑዛዜ ከሞተ የእሱን ግማሽ ልጆቹ እኩል ይወርሱታል። እኔ አዲስ ባል ማግባቴ የልጆቼን ድርሻ አይነካውም። እኛ ቤት ግን ይህ በወረቀት አልተጻፈም ነበር። ስለዚህ ከሠርጉ በፊት ፍርድ ቤት ሄደን የወራሽነት ማረጋገጫ አወጣን፣ የማን ድርሻ ምን እንደሆነ ተለየ። ያን ቀን ልጄ ምሳ ጋበዘኝ። ስለ ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀኝም ያን ቀን ነው፦ "ኳስ ይወዳል?"

ወረቀት ካነሳሁ ልቀጥል። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992። ሐረር ያላችሁ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው እዚያ ጠይቁ። በእኛ ሕግ ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ ንብረት የግላችሁ ሆኖ ይቀጥላል፤ ግን የግል መሆኑን ማስረዳት አለባችሁ፣ ካልተረጋገጠ የጋራ ተብሎ ይገመታል። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ደግሞ አለ። ከግል ንብረታችሁ የሚገኘው ገቢ፣ ለምሳሌ የቤት ኪራይ፣ በትዳር ውስጥ የጋራ ነው። ይህ እንዲሆን ካልፈለጋችሁ የጋብቻ ውል ተዋዋሉ። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ 4 ምስክሮችም ይፈርሙበታል፣ 2 በባል፣ 2 በሚስት በኩል። እኛ ተዋውለናል። "ሳይጋቡ ስለ ፍቺ ያስባሉ" ያለን ሰው ነበር። አይደለም። ሁለታችንም ልጆች አሉን፣ ልጆቻችን ነገ እንዳይካሰሱ ነው ያሰብነው። ውሉን የጻፍነው በቡና ላይ ነው፣ እየሳቅን።

የፍቺ ወረቀቱንም ጠይቁ። ይህ በጣም አስፈላጊ ነው። በእኛ አገር "ተለያይተናል" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ በሕግ ግን ሚስቱ ያው ሚስቱ ናት። አንድ ጋብቻ ሳይፈርስ ሌላ መፈጸም ሕጉ ይከለክላል። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አሳየኝ ማለት ነውር የለውም። የእኔው ሳልጠይቀው ፎቶ ኮፒውን ይዞልኝ መጣ።

የሚቀረው ጊዜ የመጠበቅ ነገር ነው። ትዳሯ በሞት ወይም በፍቺ የፈረሰ ሴት በሕጉ 180 ቀን ሳይሞላ እንደገና አታገባም፤ ካልወለደች፣ ወይም እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ካልተረጋገጠ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካልፈቀደላት፣ ወይም የምታገባው የቀድሞ ባሏን ካልሆነ በስተቀር። በእስልምና ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ 4 ወር ከ10 ቀን ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ለሁለተኛ ጋብቻ የራሷ ሥርዓት አላት፣ ለደናግል የሚደረገው ተክሊል አይደለም። እኛ የንስሐ አባታችንን ቀድመን አማክረን ነው የሄድነው። በሃይማኖት ወይም በባህል ከተጋባችሁ በኋላ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ማስመዝገብ እንዳትረሱ።

ማግባት የማይፈልጉም አሉ፣ አውቃለሁ። አንዲት ጡረታ የወጣች ደንበኛዬ ከአንድ ሰው ጋር ዓመታት አሳልፋለች፣ እሷ በቤቷ፣ እሱ በቤቱ። እሑድ አብረው ይበላሉ፣ ታማ ስትተኛ እሱ ነው የሚያስታምማት። ደስተኛ ናት። ይህን ዓይነት ኑሮ የሚነቅፍ ሰው ሱቄ ውስጥ ሲያወራ ዝም አልልም። ግን አንድ ቤት ውስጥ እንደ ባልና ሚስት ከኖራችሁ ሕጉ ያያችኋል። ሳትጋቡ እንዲህ ለ3 ዓመት ከኖራችሁ በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ይሆናል። እያወቃችሁ ኑሩ።

አሁን ወደ ጤና። እዚህ ላይ ሴቶቹ ድምጻቸው ይጠፋል፣ እኔ ግን እናገራለሁ። መጀመሪያ የኤችአይቪ ምርመራ፣ አብራችሁ፣ አንድ ቀን። ሃምሳ ዓመት ከበሽታ አይከላከልም። እኛ ተያይዘን ነው የገባነው፣ ውጤቱንም አብረን ሰማን። ሁለተኛው ማረጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል። ትኩሳቱ፣ የእንቅልፉ ነገር፣ ድርቀቱ ፍቅር ያለቀ ያስመስለዋል። አላለቀም። የማህፀን ሐኪም የሚሰጠው መፍትሔ አለው፣ ብቻ ተናገሩ። የወር አበባ ከቆመ አንድ ዓመት ሙሉ እስኪያልፍ እርግዝና ሊመጣ እንደሚችልም እወቁ። አርባ ስምንት ዓመቷ ላይ ደንግጣ የመጣችብኝን ሴት አይቻለሁ። ለወንዶቹም፦ ስኳርና ደም ግፊት የወንድን አቅም ሊቀንሱ ይችላሉ። ሚስት ይህን ካላወቀች "አስጠላሁት" ብላ ታስባለች። ባሌ አስቀድሞ ስለነገረኝ እኔ እንዲህ አላሰብኩም። አብረን ሐኪም ጋ ሄድን፣ መድኃኒቱ ተስተካከለ።

ስለ ስልክ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። አሁን መተዋወቂያው በፌስቡክና በቴሌግራም ነው፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን በዕድሜ የገፋች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት የሌቦች ዒላማ ናት። አንዲት ጎረቤቴ ውጭ አገር ነኝ የሚል ሰው በየማለዳው "እንዴት አደርሽ የኔ ንግሥት" እያለ ከሰነበተ በኋላ ለጉምሩክ የሚከፈል ብር ጠየቃት። በቴሌብር ላከችለት። ሁለተኛም ላከች። በቪዲዮ ካሜራ ፊቱን የማያሳይ፣ በአካል ሳይታይ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ "ለማንም አትንገሪ" የሚል ሰው ፍቅር አይደለም የያዘው። በተለይ ለማንም አትንገሪ ካለ ያን ቀን ለሰው ንገሩ።

ሠርጋችን ትንሽ ነበር። ቀሚሴን ራሴ ሰፋሁት፣ ቡናማ ሽፎን፣ እጅጌው ረዘም ያለ። ጨርቁን በፌስታል አልጠቀለልኩትም፤ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ከረመ። የጠየቀኝን ሁሉ "ለሠርጌ ነው" አልኩት። አንዳንዱ ደነገጠ። ብዙው እልል አለልኝ። አሁን እሱ ጡረታ ወጥቶ ድሬ መጥቷል። ሙቀቱን እስካሁን አልለመደውም፣ ቀን ቀን ቬንትሌተሩ ስር ተኝቶ ያነባል። ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ትልቋ ልጁ አትደውልልኝም። እኔም እናቷ አይደለሁምና አላስገድዳትም። በዓል ሲደርስ አባቷ ብቻውን ሄዶ እሷ ጋ ይውላል፣ እኔ የምልከውን ድፎ ዳቦ ትቀበላለች። ለጊዜው ይህ ይበቃናል።

ይህን የምታነቡ ወጣቶችም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ምናልባት እናታችሁ ወይም አባታችሁ ሰሞኑን ስልክ ሲያወሩ ወደ በረንዳ መውጣት ጀምረው ይሆናል። ከጎረቤት እስክትሰሙ አትጠብቁ። ቀድማችሁ ጠይቁ። ማነው? የት ነው የሚኖረው? የፍቺ ወረቀቱ አለ? ምርመራ አድርጋችኋል? ቤቱ በማን ስም ነው፣ የእኛስ ድርሻ ተለይቷል? በለሆሳስ፣ በቡና ሰዓት ጠይቁ። መልሱ ካጠራጠራችሁ አብራችሁ ሂዱና ሰውየውን እዩት። ምርጫውን ግን ለእነሱ ተዉት። ብዙ እናቶች በየሱቁ በሹክሹክታ የሚናገሩት ቤታቸው ውስጥ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው።